ሬዙሜ የሚሉት ቃል

ዛሬ ጠዋት አንዲት ልጅ ሥራ ልትጠይቅ ቢሮዬ ገባች። ያቀበለችኝ የላስቲክ ማኅደር በእጇ ላብ ረጥቦ ነበር። የሸዋ ሮቢት ሙቀት እንዲህ ነው፤ ወረቀቱ ሁሉ ላብ ላብ ይሸታል። ያ ሽታ ወደ ተማሪነቴ ዘመን ይዞኝ ሄደ።

አሥራ ሁለተኛ ክፍል ሳለን ከጓደኛዬ ጋር አንድ ወንበር ላይ እንቀመጥ ነበር። በትምህርት ትበልጠኛለች፤ ይኼን እኔም አውቀው ነበር። አንድ ቀን የእንግሊዝኛ መምህራችን ሰሌዳው ላይ አንድ ቃል ሁለት ጊዜ ጻፉ።

«ፊደሉ አንድ ነው» አሉን። «ይኼኛው ሪዙም ይባላል፤ ያቋረጡትን መቀጠል ማለት ነው። ያኛውን ግን እንግሊዞች ከፈረንሳይ ወስደው ሬዙሜ ይሉታል፤ ትምህርታችሁንና የሥራ ልምዳችሁን አሳጥራችሁ የምትጽፉበት ወረቀት ነው። ፈረንሳዮች ሁለቱ «e» ፊደሎች ላይ ጭረት ያደርጋሉ። ብዙ ሰው ጭረቶቹን ስለሚተዋቸው ከዓረፍተ ነገሩ ነው የምትለዩት።»

ጓደኛዬ ያን ቀን አልነበረችም። ከእናቷ ጋር ማሾ ለቀማ እርሻ ወርዳ ነበር።

ከፈተናው በኋላ አንድ አትክልት ላኪ ድርጅት ከተማችን ውስጥ ቢሮ ከፈተ። ጸሐፊ እንደሚፈልግም በሩ ላይ በእንግሊዝኛ ለጠፈ። አብረን ሄድን። ፀሐዩ ቆርቆሮውን እያንጣጣው፣ ባጃጆቹ ከኋላችን አቧራ እያለበሱን፣ በጣቷ እየተከተለች አነበበችው። ያቺ ቃል ላይ ስትደርስ ቆመች።

«ይቺ መቀጠል አይደለች? እዚህ ምን ታደርጋለች?»

የሚፈለገው አንድ ሰው ብቻ ነበር።

«ምዝገባው ሰኞም ይቀጥላል ማለት ነው» አልኳት።

«አልሐምዱሊላህ! እኔ ደግሞ ሌላ ወረቀት የሚጠይቁን መስሎኝ» ብላ ሳቀች።

ሰኞ የትምህርት ማስረጃዋን ብቻ ይዛ ቀረበች። መዝጋቢው «ሬዙሜሽስ?» አላት። ምን እንደሆነ ሲነግራት ዞር ብላ አየችኝ። የኔን አስተይቤ ደረቴ ላይ ይዤው ነበር።

«ነገ ላምጣ?» አለችው።

«ዛሬ እኮ ያበቃል።»

ማስረጃዋን ከጠረጴዛው ላይ አንስታ ወጣች። ብትሰድበኝ ምንኛ በተሻለኝ።

ሥራውን አገኘሁ። እሷ በዓመቱ ከሰፈር ልጆች ጋር በአፋር በረሃ አድርጋ ወደ ሳዑዲ ተነሳች። ከጅቡቲ አንድ ጊዜ ለእናቷ ደወለች። ከዚያ ወዲህ ድምጿን የሰማ የለም።

እናቷን በየዒዱ እጠይቃቸዋለሁ። ዘንድሮም ስኳርና ዘይት ይዤ ሄድኩ። ከጎናቸው አስቀምጠው እጄን ያዙኝ።

«ሁሉም ረሱኝ፣ አንቺ ብቻ ቀረሽልኝ» አሉኝ። «ያን ጊዜ ሥራው ላንቺ በመድረሱ እንዴት ደስ ብሏት እንደነበር ታውቂያለሽ? እዚሁ ተቀምጣ ነው የነገረችኝ። አላህ ውለታሽን ይክፈልሽ፣ ልጄ።»

ልነግራቸው አፌን ከፈትኩ።

«አሚን፣ እትዬ» አልኳቸው።