የጭላዳዎች እንደራሴ

የክልል ምክር ቤት አባል ከመሆኔ በፊት በትውልድ መንደሬ አቅራቢያ ባለችው በመካነ ብርሃን ከተማ የባዮሎጂ አስተማሪ ነበርሁ። ያኔ የምሰደበው የፈተና ውጤት ሲለጠፍ ብቻ ነበር። ከተመረጥሁ ወዲህ ግን ስድብ የዕለት ቀለቤ ሆነ። እሱስ ባልከፋ፤ ከሁሉ የባሰብኝ እንደ ሙጫ የተጣበቀብኝ ቅጽል ስም ነው፤ «የጭላዳዎች እንደራሴ»።

ነገሩ እንዲህ ነው። ከመንደራችን በላይ ጓሳ የሚባለው ሣር የበቀለበት ሰፊ ተዳፋት አለ። ሰዉ ቤቱን የሚከድነው፣ ገመዱን የሚገምደው በዚያ ሣር ነው፤ የምንጠጣው ምንጭም የሚወርደው ከዚያው ነው። ጭላዳ ዝንጀሮዎችም እዚያው ሣራቸውን ሲነጩ ይውላሉ። መሬት የጠበበው ሁሉ «ተዳፋቱ ይታረስልን» ማለት ጀመረ። ቢታረስ አፈሩን ክረምት ጠርጎት፣ ምንጩ ደርቆ እንደምንቀር ስለማውቅ ባሕር ዳር ጉባኤ ላይ እጄን አወጣሁ። ስለ ምንጩ ተናገርሁ፣ ስለ አፈሩ ተናገርሁ፣ አፌ አንዴ ከተከፈተ ማን ይመልሰኝ! አፈ ጉባኤው «ሰዓትዎ አልቋል» ሲሉኝ በጥድፊያ «ጭላዳዎቹስ ቢሆኑ መኖሪያ አያስፈልጋቸውም ወይ?» ብዬ ተቀመጥሁ። ራዲዮኑ ምን ቢያስተላልፍ ጥሩ ነው? እሷኑ ብቻ!

ከተመረጥሁ ወዲህ የምኖረው ባለቤቴ ሆስፒታል ተቀጥሮ በሚሠራበት በጎንደር ከተማ፣ ከፒያሳ ጀርባ ነው። ቤት ስገባ ባለቤቴ ሶፋው ላይ ተንጋሎ ይስቃል። «እንኳን ደስ አለሽ፤ ጅራት ያለው መራጭም አገኘሽ» አለኝ። ቦርሳዬን ልወረውርበት ምንም አልቀረኝም።

የእሱስ ሳቅ ግድ አልሰጠኝም። አባቴ ግን ስልኬን ማንሳት አቆሙ። አባቴ ገበሬ ናቸው፤ እናቴ ካረፈች ወዲህ ብቻቸውን ነው የሚኖሩት። ማሳቸው ከተዳፋቱ ሥር ስለሆነች ገብሳቸው ባሸተ ቁጥር ማማ ላይ ወጥተው ጭላዳ ሲያባርሩ ይውላሉ። ታዲያ ልጃቸው በራዲዮን ለጭላዳ ስትሟገት ገበያው ሁሉ ሰማ። «አያ፣ ልጅዎ ለጭላዳ ቤት ልትሠራ ነው አሉ። ክዳኑ ቆርቆሮ ነው ወይስ ሣር?» እያለ ሰዉ ሲያሽሟጥጣቸው መዋሉን ጎረቤት ነገረኝ። እኔ ጉባኤ ሙሉ ሰው ቢቆጣኝ እችለዋለሁ፤ የአባቴን ኩርፊያ ግን አልችልም። ደወልሁ፣ ደወልሁ፤ ወይ ፍንክች!

ብዙም ሳይቆይ ተዳፋቱ ይታረስ ወይስ ይከለል የሚለውን የቀበሌው ሰው ራሱ ተሰብስቦ እንዲወስን ተባለ። እኔም በምክር ቤቱ ማኪና ሄድሁ። ሰዉ ከቤተ ክርስቲያኑ ቅጥር ውጭ፣ የአባቴ ማሳ ፊት ለፊት ባለው ሜዳ ላይ ተቀምጧል፤ አባቴም ከፊት አሉ። ጎንበስ ብዬ ጉልበታቸውን ስስም ጉልበታቸውን አልነፈጉኝም፤ ቃል ግን አልሰጡኝም።

አንድ ነገር አዋቂ ሽማግሌ ጋቢያቸውን አስተካክለው ተነሡ። «እኛ ይችን ልጅ እንደራሴያችን ብለን ላክናት። እንደራሴ ማለት ምን ማለት ነው? እንደ ራሴ ናት ማለት ነው። እንደ ራሴ ከሆነች ስለ ጭላዳ እኔ የማስበውን ታስባለች። እኔ የማስበውን ደግሞ እዚህ ቤተ ክርስቲያን አጠገብ ቆሜ አልናገረውም! እንግዲህ ወይ እንደ ራሳችን ትሁን፣ ወይ ከጭላዳ ዘመዶቿ ጋራ ገደል ትደር!»

ሜዳው በሳቅ ፈረሰ። ተናደድሁ፤ ደግሞም ሳቄ መጣ። «የአፈር መሸርሸር...» ብዬ ልጀምር ስል አንዲት ሴት «ኧረ መጡላችሁ!» ብላ ጮኸች። መራጭም ተመራጭም ዞረን ብናይ የጭላዳው መንጋ የአባቴ ገብስ ውስጥ ገብቷል!

ሰዉ ብድግ ብሎ ሲሮጥ እኔም ቀሚሴን ሰብስቤ ሮጥሁ። «ውጣ! ውጣ አንተ ሌባ!» እያልሁ ጓል እወረውራለሁ። ጓሉ ሲያልቅብኝ አንድ ጫማዬን አውልቄ ብወረውር ጋማ ያለውን ትልቁን ወንድ ጭላዳ ሳትሁት። እሱም ከንፈሩን ገልብጦ ጥርሱን አሳየኝና መንጋውን አስከትሎ ወደ ላይ ሸሸ። «እሰይ! እንደራሴ ማለት እንዲህ ነው!» አሉ ሽማግሌው እያለከለኩ። በምርጫ ቅስቀሳ ጊዜ እንኳ እንዲያ አልተጨበጨበልኝም።

አንዱ ጎልማሳ ግን «ይኸው አያችሁ? ተዳፋቱን አርሰን እንገላገላቸው» አለ። ትዕግሥቴ አለቀ። የአፈሩን ትምህርት ትቼ፣ በአንድ እግር ጫማ ቆሜ «አንተ ሰውዬ! ሣር ሞልቶላቸው እንዲህ ከወረዱ፣ ሣሩን አርሰህ ብትቀማቸው የት ሄደው ይብሉ? ፒያሳ ወርደው ማኪያቶ ይጠጡ? ያንተ ጓሮ ነው የሚገቡት! ያውም ውኃ በሌለበት!» ብዬ ጮኽሁበት።

መጀመሪያ «እውነቷን ነው» ያሉት ውኃ የሚቀዱት ሴቶች ናቸው። ሽማግሌውም ራሳቸውን እያከኩ ተስማሙ። ተዳፋቱ ይከለል፣ ጓሳው በተራ ይታጨድ፣ ገብሱም በተራ ይጠበቅ ተባለ፤ እጅ ወጣ። አባቴ ግን ለዚህም ለዚያም እጃቸውን አላወጡም።

ሰዉ ሲበተን የተረገጠውን ገብስ በእጃቸው ሲያቃኑ አገኘኋቸው። «አባዬ፣ ምነው? በጭላዳ ምክንያት ልጅዎን እንዲህ ይዘጋሉ?» አልሁ።

«የጭላዳው ነገር አይደለም» አሉ ቀና ሳይሉ። «አስተማሪ ሳለሽ በዚህ በኩል ነበር የምታልፊ። ዛሬም ማማው ላይ ስወጣ ዓይኔ ወደ መንገዱ ይሄድብኛል። መንገዱን ሳይ እነሱ በኋላዬ ይገባሉ።»

ክንዳቸውን ይዤ አለቀስሁ። «ምሳ በልተዋል?» አልኋቸው። አልበሉም። ወደ ቤት ላክኋቸውና ገብሱን ልጠብቅላቸው ማማው ላይ ወጣሁ።

ሹፌሩ ከታች ጥሩምባውን ይነፋል። «እትዬ፣ ነገ ጠዋት እኮ ጉባኤ አለብዎት! ምን ልበላቸው?» አለ።

«መራጭ ዘንድ ናት በላቸው» አልሁት።