በፎሌ የወረደ መኪና

መጀመሪያ ታኮ ነው። ጉግሳ ሁለት የእንጨት ሽብልቆችን ከፊት ጎማዎቹ ሥር በእግሩ ገፍቶ ያስጠጋና አንድ አንድ ጊዜ ረገጥ ያደርጋቸዋል። ቀጥሎ የኋላውን ጎማ ዳዶዎች፣ ጎማው ከመሬት ሳይነሳ፣ ግማሽ ዙር ያላላቸዋል። ከዚያ ክሪኩን አስገብቶ መኪናውን ያነሳል። ጎማውን በጉልበቱ ደግፎ ያወጣል። ታምቡሩን፣ ማለትም ከጎማው ጋር የሚዞረውን ድስት መሳይ ብረት፣ ዙሪያውን በመዶሻ ቀስ እያለ ይመታውና ሲላላለት በሁለት እጁ ይዞ ወደ ደረቱ ይስበዋል። አቧራውን አይነፋም፤ በእርጥብ ጨርቅ ይጠርገዋል። አሁን ሸራው ታየ። ሹፌሩ ፍሬን ሲረግጥ ታምቡሩን ከውስጥ ተጭኖ የሚይዘው ይህ ሸራ ነው። ጉግሳ የአውራ ጣቱን ጥፍር ሸራው ላይ ባለው የሪቬት፣ ማለትም የማያያዣው ምስማር፣ ቀዳዳ ያስገባል። ጥፍሩ ጠለቅ ካለ ደህና፤ ወዲያው የሪቬቱን ራስ ከነካ ሸራው አልቋል። ከዚያ ወደ ብርሃን አዙሮ ያየዋል። በመጨረሻ ያሸተዋል።

«የተቃጠለ ቀንድ ከሸተተኝ፣ ሹፌሩን ሳላየው አውቀዋለሁ» ይላል።

ጉግሳ አርባ ስምንት ዓመቱ ነው። ቦንጋ መግቢያ ላይ ሀምዛ የሚባል ሰው ባቋቋመው ጋራዥ ውስጥ ፍሬን ብቻ ይሠራል። ያደገው ማንኪራ በሚባል የገጠር ቀበሌ ነው። አባቱ ዛፍ ላይ ቀፎ የሚሰቅሉ ሰው ነበሩ፤ እሱ ግን ከፍታ ስለሚያዞረው በአሥራ ሰባት ዓመቱ ጅማ አጎቱ ዘንድ ሄደና ጋራዥ ገባ። መጀመሪያ ሞተር አስተማሩት። ሁለት ዓመት ሠርቶ ተወው። «ሞተር ቢበላሽ መኪናው ይቆማል፤ ፍሬን ቢበላሽ አይቆምም። ሰው የሚያስፈልገው የቱ እንደሆነ አንተው ፍረድ» ይላል፣ ለምን ብሎ ለሚጠይቀው ሁሉ።

ቤቱ ከቦንጋ በሺሺንዳ መንገድ ሰባት ኪሎ ሜትር ወጣ ብሎ ነው። ጠዋት ሚኒባሶቹ ከሺሺንዳ ሞልተው ስለሚመጡ እዚያ አይቆሙም፤ ባጃጅም እስከዚያ አይወጣም። ስለዚህ አሥራ አንድ ዓመት በብስክሌት ተመላልሷል። መንገዱ አስፋልት ነው፣ ግን ጠባብ፤ ጫካው ከሁለቱም በኩል ገፍቶ መጥቷል። ከተማው ሊደረስ ሁለት ኪሎ ሜትር ሲቀር ኩርባ የበዛበት ረጅም ቁልቁለት አለ። እዚያ ለብስክሌት ተብሎ የተተወ ቦታ የለም። አስፋልቱ ሲያልቅ ስንዝር የምትሰፋ የጠጠር ጠርዝ፣ ከዚያ ሣር፣ ከዚያ ቦይ።

ያ ቁልቁለት በጉግሳ ብስክሌት ላይ ምልክቱን ትቷል። የግራ እጀታው ጫፍ የተላጠው አንድ አውቶብስ ሲቀድመው ነው፤ እጁን የሰበሰበው ለጥቂት ነበር። የኋላው ጭቃ መከላከያ የለም። ግንድ ከጫነ መኪና ላይ የተንጠለጠለ ገመድ ጠልፎት ጉግሳን ከነብስክሌቱ ሠላሳ እርምጃ ያህል ጎተተው። ቡሎኑ ተበጠሰና ጭቃ መከላከያው ከገመዱ ጋር ሄደ፤ ጉግሳ ቀረ። ሌላ ጊዜ ባለ ተሳቢ ኩርባው ላይ አልፎት፣ ተረፍኩ ብሎ ሲተነፍስ፣ ተሳቢው ወደ ውስጥ ገብቶ ቦይ ውስጥ ጣለው። ክርኑ ላይ አሁንም ጠባሳ አለ።

ከተሳቢው በኋላ በጆሮው መንዳት ጀመረ። ሙያውም ረድቶታል። የሚኒባስ ፉጨት፣ የባዶ አይሱዙ መንቀጥቀጥ፣ የተጫነ መኪና ማርሽ ሲቀንስ የሚያሰማው ማጓራት፣ ሁሉም ከኩርባው ወዲያ ሳለ ይለየዋል። ለይቶ ከአስፋልቱ ይወርዳል። መኪናው ያልፋል። ተመልሶ ይወጣል።

ከሦስት ዓመት በፊት ይህ ጆሮ ለሁለት ሰው መሥራት ጀመረ። መምህር ሙሉብርሃን ከደብረ ታቦር ተመድቦ የመጣ የፊዚክስ መምህር ነው። ባለቤቱ ኮከብ በጉግሳ መንደር ጤና ጣቢያ ነርስ ስለሆነች ቤት የተከራዩት እዚያው፣ ከጉግሳ አጥር ጎን ነው። መምህሩም ብስክሌት ገዛና ጠዋት ጠዋት አብረው መውረድ ጀመሩ። ደንቡን ያወጣው ጉግሳ ነው።

«አንተ ከፊት፣ እኔ ከኋላ። ውረድ ስልህ ትወርዳለህ። ዞረህ አትይ፤ ዞረህ ካየህ መሪው ተከትሎህ ወደ መንገዱ ይገባል። እኔ እሰማልሃለሁ።»

መምህሩ በሳምንቱ ለመደው።

«ውረድ!»

ሁለቱም ሣሩ ላይ።

«አሁን ደግሞ ምንድን ነው?»

«አይሱዙ። ባዶ። ሦስተኛ ማርሽ ላይ ነው።»

አይሱዙው ብቅ አለ፤ ባዶ ነው።

«ጋሽ ጉግሳ፣ ሹፌሩ ቁርስ ምን እንደበላ አይነግሩኝም?»

«ፍርፍር። ቃሪያ በዝቶበታል፤ አነዳዱን አታይም?»

መምህሩ ስለ ድምፅ ሲያስተምር ጉግሳን ምሳሌ ያደርገው ነበር። ተማሪዎቹ ጋራዡ ደጃፍ ሲያልፉ «ራዳር! ራዳር!» ይሉታል፤ እሱም መፍቻውን እያነሳ ያስፈራራቸዋል። ሦስት ዓመት ሙሉ መምህሩ አንድ ጊዜ እንኳ ዞሮ አላየም።

አንድ ሐሙስ ከሰዓት በኋላ ወንድማገኝ የሚባል ወጣት ሹፌር ወደ ሺሺንዳ ሲያልፍ አይሱዙውን ጋራዥ ውስጥ አስገባ።

«ጋሼ፣ የግራ ኋላው ትንሽ ይጮህብኛል። አንዴ እይልኝ።»

ጉግሳ ታኮውን አስገባ፤ ጎማውን አወጣ፤ ታምቡሩን ሳበ። ጥፍሩ ሳይጠልቅ ሪቬቱን ነካ። ሸራው ደግሞ ያብለጨልጫል፤ ሽታው ቀንድ ነው።

«በፎሌ ነው የምትወርደው።»

«ኧረ አልፎ አልፎ ነው ጋሼ።»

«ይሄ አልፎ አልፎ ነው? ይሄ መስታወት ነው፤ ጺምህን ተላጭበት።»

ፎሌ ማለት ማርሹን ነፃ አድርጎ መኪናውን በራሱ ክብደት ቁልቁል መልቀቅ ነው። ነዳጅ ይቆጥባል እያሉ ብዙ ሹፌሮች ያደርጉታል። ማርሽ ውስጥ ያለ መኪና ቁልቁለት ላይ ሞተሩ ራሱ ይይዘዋል፤ በፎሌ የተለቀቀውን ግን የሚይዘው ፍሬን ብቻ ነው። ሸራው ይግላል፣ ይጠነክራል፣ እንደ መስታወት ይሆናል፣ ከዚያ መያዝ ይተዋል።

«ይቀየራል። ነገ ረፋድ ላይ ትወስደዋለህ» አለው ጉግሳ።

«ነገ? ሺሺንዳ ላይ በቆሎ ሊጭንልኝ ሰው ቆሞ እየጠበቀኝ! አንድ ዙር ብቻ፣ ጋሼ። ነገ ጠዋት ስመለስ እዚሁ አቆመዋለሁ፤ እንኳን ሸራውን እኔንም ቀይረኝ።»

ሀምዛ ከቢሮው በር አንገቱን ብቅ አደረገ። «ጉግሳ፣ አጥብቅለትና ይሂድ። ደንበኛ አናስቀይም።»

ጉግሳ አሰበ። ባልነካው እንዲሁ ይሄዳል፤ ባጠብቀው ቢያንስ ትንሽ ይይዛል። ሸራውን ወደ ታምቡሩ አስጠግቶ አጠበቀው፤ ጎማውን መለሰ፤ ዳዶዎቹን አሰረ።

«በማርሽ ውረድ» አለው።

«እናቴን፣ በማርሽ!» አለ ወንድማገኝ እየሳቀ፤ ወጣ።

ዓርብ ጠዋት ጭጋግ ነበር። ዝናቡ ቆሟል፣ ግን ዛፎቹ ገና ያንጠባጥባሉ። መምህሩ ከፊት፣ ጉግሳ አሥር እርምጃ ያህል ከኋላ ሆነው ቁልቁለቱን ጀመሩ። ጉግሳ ከኋላው አንድ ሽሽ የሚል ድምፅ ሰማ። እርጥብ አስፋልት ላይ የሚንከባለል ጎማ እንደዚያ ይላል፤ ከቅጠል ላይ የሚንጠባጠብ የዝናብ ውሃም እንደዚያ ነው። የሞተር ድምፅ ፈለገ። የለም። የዛፎቹ ጠብታ ነው አለ በልቡ።

ከዚያ ክላክስ፣ ጀርባው ላይ።

ጉግሳ ሣሩ ላይ ወደቀ። መኪናው በክንድ ርቀት አለፈው፤ ሲያልፈው ቀንድ ሸተተው። መምህሩም ክላክሱን ሰምቷል። ግን አልወረደም። ቀጥ ብሎ፣ እጀታውን ጭብጥ አድርጎ፣ «ውረድ» የሚለውን ቃል ይጠብቃል። ጉግሳ አፉን ከፈተ። ሹፌሩ በዚያው ቅጽበት ፍሬን ረገጠ፤ የቀኙ ጎማ ያዘ፣ የግራው አልያዘም፤ መኪናው ወደ ቀኝ ተሳበ። ወደ መምህሩ።

ጉግሳ ሲደርስ የመምህሩ ግራ እግር ከጉልበቱ በታች እግር አይመስልም ነበር። በመቀመጫው ሥር የሚይዘውን ትርፍ ከመነዳሪ፣ የጎማውን የውስጥ ላስቲክ፣ አወጣ። ከጉልበቱ በላይ ሁለት ጊዜ ጠመጠመና ቡሎን መፍቻውን ሰክቶ ደሙ እስኪቆም አጠመዘዘው። ሰዓቱን አየ፤ አንድ ሰዓት ከሩብ። ወንድማገኝ ራሱን በሁለት እጁ ይዞ ከወዲያ ወዲህ ይላል። «ክላክስ አድርጌያለሁ! ጋሼ፣ ክላክስ አድርጌያለሁ!» ከላይ የመጣ ሚኒባስ ተሳፋሪዎቹን አውርዶ መምህሩን ጫነ።

ከሚኒባሱ ጋር መሄድ ይችል ነበር። ግን ለፖሊስ የፍሬኑን ነገር የሚናገር ሰው ያስፈልጋል፤ ለኮከብ ስልክ ደውሎ ነገራት፣ ከዚያ እዚያው ቆመ። ትራፊክ ፖሊሱ መጥቶ ሜትሩን ዘረጋ። አስፋልቱ ላይ አንድ ጥቁር መስመር አለ፣ በቀኝ በኩል ብቻ። በግራ በኩል ምንም የለም።

«ዝናቡ ነው ያንሸራተተው» አለ ፖሊሱ ለራሱ፣ እየጻፈ።

«አይደለም» አለ ጉግሳ። «የግራ ኋላው አልያዘም። ሸራው አልቋል። ትናንት ከፍቼ አይቼዋለሁ።»

ፖሊሱ ቀና አለ። «ማነው የከፈተው?»

«እኔ።»

«አይተህስ?»

«አጥብቄ ለቀቅሁት።»

ፖሊሱ ስሙን ጠየቀውና ጻፈ።

ሀምዛ ያን ቀን ከሰዓት በኋላ ጮኸበት። «ማን ጠየቀህ? ሰውዬው ዝናብ ነው እያለ አንተ ሸራ ነው ትላለህ?»

«ሸራ ነዋ።»

«አንተም ትገባበታለህ እኮ!»

«ገብቼበታለሁ።»

መምህሩ ወደ ጅማ ተላከ፤ እግሩ ከጉልበቱ በታች ተቆረጠ። ጉግሳ በሦስተኛው ቀን ሄዶ ጠየቀው። ኮከብ አልጋው አጠገብ ተቀምጣ ነበር።

«እግሩን ያሰሩት እርስዎ ነዎት አሉ። ደህና አድርገው ነው ያሰሩት፤ ሐኪሞቹም ብለዋል» አለችው።

ጉግሳ ፍሬኑን ከፍቶ እንዳየው፣ አጥብቆ እንደለቀቀው ነገራት። ቆሞ ነው የነገራት። ተነስታ ወደ ኮሪደሩ ወጣች፤ ከዚያ ወዲያ ለአራት ወር ያህል ሰላምታ አልሰጠችውም። አሁን ትሰጠዋለች፤ ከዚያ ያለፈ ግን የለም።

መምህሩ ዓይኑን ከጣሪያው ሳያነሳ ጠየቀው። «ጋሽ ጉግሳ፣ ለምን አልጠሩኝም?»

«አልሰማሁማ።»

«እኔ እኮ እየጠበቅሁዎት ነበር።»

ጉግሳ ይህን ሲናገር ይቆማል፣ እጁን በጨርቅ ይጠርጋል፣ ሌላ ነገር ይጀምራል።

ጉዳዩ ገና ፍርድ ቤት ቀጠሮ ላይ ነው። ጉግሳ ሁለት ጊዜ ቀርቦ ያንኑ ቃል ሰጥቷል። መምህሩ በክራንች ወደ ክፍል ተመልሷል፤ ቤታቸውን ወደ ከተማ አዛውረዋል። ጋራዡ ውስጥ ደግሞ ጉግሳ አንድ ነገር አቁሟል፤ ያለቀው ሸራ ካልተቀየረ የከፈተውን ጎማ አይገጥምም። ሹፌሩ ቢለምን፣ ቢሳደብ፣ ጎማውን ራሱ ይግጠም። ሀምዛ መጀመሪያ ሊያባርረው ፎከረ፤ ሌላ የፍሬን ሰው አጣና ተወው። ሹፌሮቹ «አባ ጉግሳ» ብለውታል። «እዚያ ከገባህ ንስሐ ሳትገባ አትወጣም» እየተባባሉ ብዙዎቹ ሌላ ጋራዥ ሄደዋል። እነሱም ያው ቁልቁለት ላይ ናቸው። ጉግሳ ያን ያውቃል።

እሱ አሁንም በብስክሌት ይሄዳል፤ ሌላ መሄጃ የለውም። ቁልቁለቱ ጫፍ ሲደርስ ግን ይወርድና ሁለቱን ኪሎ ሜትር ብስክሌቱን እየገፋ በሣሩ ላይ በእግሩ ይሄዳል፣ ቶሎ ቶሎ ወደ ኋላው እየዞረ። ባለፈው ወር ብቻ አራት መኪና ድምፅ ሳያሰማ አልፎታል። ቆጥሯቸዋል።

ለሹፌር መንገር ደክሞታል። የሚለምነው በሹፌሩ ጎን የሚቀመጠውን ሰው ነው፤ ይህን የምታነቡትን።

«ተሳፍራችሁ ቁልቁለት ስትጀምሩ ሞተሩን አዳምጡ። ድምፁ ድንገት ዝም ካለ ሹፌሩ በፎሌ ለቆታል። አትፈሩት። ወንድሜ፣ ማርሽ አስገባ በሉት። ቢስቅባችሁም፣ ቢቆጣችሁም ድገሙለት። ከፊት በብስክሌት የሚሄደው ሰው ምንም አይሰማም። የምትሰሙት እናንተ ብቻ ናችሁ። እባካችሁ፣ ንገሩት።»