በአደንጓሬ የተሸፈነው መስኮት

መጀመሪያ አስነጠሰኝ እንጂ አላስፈራኝም። አብዮት ጠባቂዎች ከሱቃችን በር ላይ ይዘው፣ የፊጥኝ አስረው፣ በገበያው መሀል አሳልፈው ያስገቡኝ ቤት ቀድሞ የአንድ ባላባት የበርበሬ መጋዘን ነበር። ባላባቱ ሸሽቷል፣ በርበሬው ተወርሷል፤ ብናኙ ግን በየግድግዳው ስንጥቅ ቀርቷል። ሰው ሲገባና ሲወጣ ከወለሉ እየተነሳ አፍንጫ ውስጥ ይገባል። ዓይኔ ጨለማውን ሳይለምድ ደጋግሜ አስነጠስኩ። ከወዲያ ጥግ የአንድ ሽማግሌ ድምፅ መጣ።

«ማነህ አንተ?»

«ተማሪ ነኝ» አልኩ።

«ተማሪ? እንግዲያስ አይማርህ። ይሄን ሁሉ ያመጣችሁብን እናንተ ናችሁ።»

ሽማግሌው መሪጌታ ነበሩ። በድጓ ትምህርቷ በታወቀችው የአገራችን ቤተ ልሔም ተምረው፣ በሩቅ ገጠር ያለ ደብር ሲያገለግሉ የኖሩ ሰው ናቸው። ጥፋታቸው በጸሎት መሀል፣ እንደ ኖሩበት ልማድ፣ የወረደውን ንጉሥ ስም መጥራታቸው ነው። እኔ ደግሞ ወረቀት በትነሃል ተብዬ ነው። በትኛለሁም። የገረፉኝ ግን ሌላ ሰው በበተነው ነው። ቀይ ሽብር በየከተማው ይፋፋም በነበረበት በዚያን ዘመን፣ በእስቴ በኩል ባለችው ትንሿ የገበያ ከተማችን እንዲህ ያለውን የሚያጣራ አልነበረም። ከመሪጌታ ጋር ግድግዳ ለግድግዳ ተቀምጠን ተኮራረፍን። እሳቸው እኔን አብዮቱን በጫንቃዬ ተሸክሜ ያመጣሁት አድርገው ያዩኛል፤ እኔም እሳቸውን የባላባቱ ቅሪት አድርጌ አያቸው ነበር።

መጋዘኑ አንድ መስኮት ብቻ ነበረው። ጠባብ፣ በእንጨት የተከረቸመ፣ ወደ ገበያው መንገድ የሚያይ። እናቴ በገበያ ቀን በዚያ መንገድ ታልፋለች። መቆም ክልክል ነው፣ መጣራትም ክልክል ነው። እኔ እጄን በእንጨቱ መሀል አውጥቼ እከፍትና እጨብጣለሁ፤ እሷ ሳትቆም አይታ ታልፋለች። ያ ብቻ ነበር።

ስንቅማ በየቀኑ በር ላይ ታደርስ ነበር። ስንቅ ግን ምንም አይነግርም። ከጎረቤቶቻችን አንዷ እዚሁ ታስሮ የነበረው ባሏ ከተገደለ በኋላ፣ ሳታውቅ በጋውን ሙሉ ስንቅ አመላልሳለች፤ አብዮት ጠባቂዎቹ «እሺ፣ አስቀምጪው» እያሉ ተቀብለው በልተውታል። እናቴ ይህን ታውቃለች። እኛ በከተማዋ ካሉት ጥቂት ሙስሊም ነጋዴዎች ነን፤ አባቴ ከሞተ ወዲህ ሱቁን ይዛ የኖረች ሴት ናት፣ ያላየችውን ነገር አታምንም። እጄን እያየች ነበር የምታድረው።

ሰኔ ሲገባ ካድሬው ግቢውን ሲዞር መስኮታችን ሥር ቆመ። የግቢው አዛዥ እሱ ነው። ከሩቅ ከተማ የመጣ፣ ካኪው ሁልጊዜ የተተኮሰ፣ አበባ የሚወድ ሰው። በቢሮው ፊት ለፊት በኖራ በተቀባ ድንጋይ አጥሮ አበባ አስተክሏል፤ ጠዋት ጠዋት ራሱ ያጠጣ ነበር። ውኃ እያጠጣ፣ ከኋላው ሰው ሲጮህ፣ ዞር አይልም።

«ለአብዮት በዓል ከደብረ ታቦር እንግዳ ይመጣብናል» ሲል ሰማነው። «ይህ ግድግዳ የግቢውን መልክ አበላሽቶታል። ልስኑ ረግፎ ማገሩ ወጥቷል። እነዚህ እጆች ደግሞ ከግድግዳው ይብሳሉ።»

«ጭቃ እናስመርገው፣ ጓድ?» አለ አብሮት የቆመው አብዮት ጠባቂ። የዚያው የእስቴ ገበሬ ልጅ ነው፣ ዝምተኛ።

«በክረምት ምን ጭቃ ይደርቃል? ሐረግ ይተከልበት። በገበሬዎቹ አጥር ላይ ያየሁት፣ ቀይ አበባ ያለው፣ ምንድን ነው?»

«አደንጓሬ ነው፣ ጓድ።»

«እሱ ይሁን። ቀይ ነው፣ ይወጣል፣ ይሸፍናል። ለበዓሉ ይደርሳል።»

አብዮት ጠባቂው የሆነ ነገር ሊል አፉን ከፈተና መልሶ ዘጋው። ያኔ ለምን እንደሆነ አልገባኝም። እኔ የሱቅ ልጅ ነኝ፤ አደንጓሬ የማውቀው በጆንያ ነው።

ዶማ ሰጥተው መሬቱን ያስቆፈሩት እኛኑ ነው። ሁለቱ ጣቶቼ ገና በጨርቅ እንደተጠቀለሉ ነበሩ። የገዛ መስኮቴን መድፈኛ በገዛ እጄ ስተክል የተሰማኝን ንዴት እስከ ዛሬ አልረሳሁትም። ፍሬውን ክንዴ እስኪገባ ቆፍሬ ቀበርኩት። መሪጌታ አጠገቤ ጎንበስ ብለው ዘር እያቀበሉ ነበር።

«እንዲህ ከቀበርኸው አይወጣም» አሉ።

«እንዳይወጣ ነው፣ መሪጌታ።»

«ሳይወጣ ቢቀር የሚገረፍ አንተ ብቻ መሰለህ?»

መልሰው አወጡና በላይ በላዩ ተከሉት። በቀለ። የሐምሌ ዝናብ ሲወርድበት ባቆምንለት ባላ ላይ እየተጠማዘዘ ወጣ፣ መስኮቱ ደረሰ። እኔ ከውስጥ ሆኜ ጫፍ ጫፉን እቀነጥሰው ጀመር። ካድሬው ግን አበባ የሚያውቅ ሰው ነው፤ የተቀነጠሰውን አይቶ፣ ቀንበጡ እንደገና እስኪያድግ ድረስ የሁሉንም ስንቅ ከለከለ። የታሳሪዎቹ ፊት በእኔ ላይ ጠቆረ።

«እናት ያለህ አንተ ብቻ ነህ?» አሉኝ መሪጌታ።

ተውኩት። የተውኩት ተሳስቼ ነው ብዬ አይደለም፤ ሌላው ሰው ስለተራበ ነው። ዛሬም ቢሆን እቀነጥሰው ነበር።

በነሐሴ አጋማሽ መስኮቱ ተዘጋ። ቤቱ ውስጥ አረንጓዴ ጨለማ ሆነ። ከውጭ ንቦች በአበባው ላይ ጥዝዝ ሲሉ እንሰማለን፣ ቀዩን አበባ ግን እኛ አናየውም፤ የሚታየን የቅጠሉ ጀርባ ብቻ ነው። በገበያ ቀን እጄን ብሰድም ቅጠሉ ዋጠው። አሳልፌ ላወጣው ስታገል አብዮት ጠባቂው በሰደፍ መታኝ፣ ታዞ ነው። እናቴ ስታልፍ አላየችኝም። በሚቀጥለው ገበያ መንገዱ ላይ ቆመች።

«ቀጥይ! መቆም ክልክል ነው!»

«ልጄን ልየውና እቀጥላለሁ።»

ገፍተው አባረሯት። በማግስቱ ስንቁን ይዛ በር ላይ መጥታ፣ ካላየሁት አልሰጥም አለች። አገልግሉን በእርግጫ አሉት። ከዚያ በኋላ ስንቅ አልመጣም። ሞቷል ብላ ለቅሶ ተቀምጣለች ብዬ አሰብኩ። እዚህ፣ ከቤታችን ድንጋይ ቢወረወር በሚደርስበት ቦታ፣ በሕይወት ቁጭ ብዬ እየተለቀሰልኝ ነው። ግድግዳውን በቡጢ መታሁት። የበርበሬው ብናኝ ተነሳ፣ ሰው ሁሉ ሳለ።

«ዝም በል» አሉ መሪጌታ። «መኖርህን አንተ ካወቅህ ይበቃል።»

«ለእርስዎ ይበቃ ይሆናል» አልኳቸው። ለእሳቸው በመስኮቱ በኩል ያለፈ ሰው አልነበረም፤ አገራቸው ሩቅ ነው።

ጳጉሜን ላይ አደንጓሬው እሸት ያዘ። በገበያ ቀን አንድ አህያ የሚነዳ ሰው፣ ከስማዳ በኩል የመጣ ነጋዴ ይመስለኛል፣ አህዮቹን አቁሞ ወደ ግድግዳው ሲመጣ እርምጃውን ሰማን።

«ተመለስ! የመንግሥት ነው!» አለ አብዮት ጠባቂው።

«እሸት የመንግሥት ሁኖ ያውቃል?» አለ ሰውየው። ቀጠፈና በላ።

በአገራችን መንገደኛ እሸት ቀጥፎ ቢበላ ሌባ አይባልም። በልብሱ ቋጥሮ ከሄደ ሌባ ነው፣ እዚያው ቆሞ ከበላ ግን ባለ እርሻው ራሱ «ጨምር» ይለዋል። ይህን የማያውቅ ካድሬው ብቻ ነበር። እርግጥ ነው፣ አደንጓሬ እንደ ባቄላና እንደ አተር ጥሬውን የሚበላ እሸት አይደለም፤ ሆድ ይነፋል፣ ያማል። የገበሬ ልጁም ሁለቱንም ያውቃል፤ ያን ዕለት አፉን ከፍቶ መልሶ የዘጋው ለዚህ ነበር። ጠመንጃውን ትከሻው ላይ መለሰና ፊቱን ወደ ገበያው አዞረ።

ወሬው ገበያውን ለማዳረስ ጊዜ አልወሰደበትም። ከሰዓት በኋላ የግድግዳችን ጥግ በሴቶች ተሞላ። ሁሉም እሸት ሊበሉ ነው የመጡት። ያ እኛን እንዲሸፍን የተተከለው ሐረግ አሁን እነሱን ከቢሮው ዓይን ሸፈናቸው። በቅጠሉ መሀል ጣቶች ይገቡ ጀመር፣ እያንዳንዱ የራሱን ሰው ስም በሹክሹክታ እየጠራ።

እናቴ በመጨረሻ መጣች። በድምፅዋ ሳይሆን በሳሏ አወቅኋት።

«አለህ?» አለች።

«አለሁ።»

«እጅህን ስጠኝ።»

ሰጠኋት። ድምፅ ለእሷ አይበቃም። አውራ ጣቴ ላይ በልጅነቴ የሱቁ መቀስ የቆረጠኝ ጠባሳ አለ፤ እሱን ፈልጋ አገኘችው፣ ደጋግማ ዳሰሰችው። ቀጥላ ሌሎቹን ጣቶች ስትነካ ሁለቱ ጥፍር እንደሌላቸው አወቀች። እጇ ቆመ።

«ይሄ ምን ሁኖ ነው?»

«በር ዘግቶብኝ ነው፣ እማ።»

«ደግ» አለች። «በር ከሆነ ደግ። አልሐምዱሊላህ።»

ከዚያ አብዮት ጠባቂው ወደ እኛ በኩል ሲራመድ ተሰማና እጄን ለቀቀችው። ቀጥፋ ስታኝክ ይሰማኛል። ሌሎቹ ሴቶች አኝከው ይተፉት ነበር። እናቴ የከተማ ሴት ናት፣ በዕድሜዋ እሸት ቀጥፋ አታውቅም፤ መዋጥ ያለባት መስሏት እፍኝ ሙሉ ዋጠችው። ሁለት ቀን ታማ እንደተኛች ከተፈታሁ በኋላ ሰማሁ። ያኔ ግን እየታመመች መሆኗን ሳላውቅ፣ ደስ ብሎኝ እንደ ሕፃን አለቀስኩ።

በዓሉ ደረሰ። ጠዋት ካድሬው በራችንን ከፍቶ፣ «ድምፅ የተሰማ እንደሆነ ዋ» አለ። ወደ መሪጌታ ዞሮ፣ «አንተም ሽማግሌ፣ ጸሎትህን በሆድህ» አላቸው። በዚህች አገር መሪጌታን አንተ የሚል ሰው እስከዚያ ቀን አላየሁም ነበር። እሳቸው ቀና ብለውም አላዩትም።

ረፋዱ ላይ መኪና መጣ። እንግዳው ግቢውን ሲዞር ድምፁ እየቀረበ ሄዶ ግድግዳችን ሥር ቆመ።

«ይህ ደግሞ በጣም ያምራል» አለ። «ከኋላው ምንድን ነው?»

«ባዶ መጋዘን ነው፣ ጓድ» አለ ካድሬው።

እኔ መሬት መሬቱን አየሁ። መሪጌታ ያን ጊዜ ተነሱ። ከገባሁ ጀምሮ ወደ መስኮቱ ሲሄዱ አይቻቸው አላውቅም። ቀስ ብለው ሄዱ፣ እጃቸውን በእንጨቱ መሀል፣ በቅጠሉም መሀል አሳልፈው እስከ ክንዳቸው ወደ ውጭ ሰደዱት። አንድ እሸት ሲቀጠፍ ተሰማ። እጃቸው ተመለሰ። ቆመው፣ ሳይቸኩሉ፣ ድምፅ እያሰሙ አኘኩት።

ከዚያ እኔ ተነሳሁ። ከእኔም ቀጥሎ ሌላው። በቀዩ አበባ መሀል እጅ ከእጅ ቀጥሎ እየወጣ፣ እየቀጠፈ፣ ተመለሰ። የተናገረ ሰው የለም።

«መጋዘናችሁ ርቦታል፣ ጓድ» አለ እንግዳው። እርምጃው ራቀ።

ከሰዓት በኋላ ሐረጉን በገጀራ ከሥሩ ቆረጡት፤ ካድሬው አበባውን ዓይኑ እንዲያየው አልፈለገም። መሪጌታን ወሰዷቸው። ሲመልሷቸው በሁለት ሰው ተደግፈው ነበር፣ ውስጥ እግራቸው ተተልትሏል። አጠገቤ ነው ያስቀመጧቸው። ጋቢዬን አጥፌ ከእግራቸው ሥር አደረግሁላቸው።

«አንተን ብዬ መሰለህ?» አሉኝ። «ርቦኝ ነው።»

«ጥሬ አደንጓሬ ሆድ ይነፋል፣ መሪጌታ።»

«ነፍቶኛል» አሉ።

እሳቸውን ሲያስገቡ የበርበሬው ብናኝ ተነስቶ ነበርና አስነጠሰኝ።

«ይማርህ» አሉ፣ ፊታቸውን ወደ ግድግዳው እንዳዞሩ።

በሚቀጥለው ገበያ መስኮቱ ክፍት ነበር። እጄን አወጣሁ፤ እናቴ ከመንገዱ ማዶ አይታ አለፈች። መዳሰሱ ቀረ፣ መታየቱ ተመለሰ። መሪጌታ ከእኔ ቀድመው ተፈተው ወደ አገራቸው ገቡ። በደህና ሁን እንኳ አላሉኝም፣ እኔም አልጠበቅሁም። እናቴ እስክትሞት ድረስ በቤታችን አደንጓሬ አልተቀቀለም።

ባለፈው ክረምት ልጄ በጓሯችን የዛገውን የመጸዳጃ ቤት ቆርቆሮ የሚሸፍን ሐረግ ተከለች። አምሯል፣ አልዋሽም፤ ጎረቤት ሁሉ ያደንቀዋል። እኔ ግን በዚያ በኩል ባለፍኩ ቁጥር እጄን በቅጠሉ መሀል ሰድጄ፣ ከኋላ ያለውን ነክቼ አወጣለሁ።

«ምን ጠፍቶህ ነው፣ አባዬ?» ትለኛለች።

«ምንም» እላታለሁ። ቆርቆሮ መሆኑን አውቃለሁ። ሳልነካው ግን አላልፍም።