የጋሼ ሸምሱ በረንዳና ኢስቶፔል

ባለፈው ሳምንት አንዲት የሕግ ተማሪ ደውላ «ኢስቶፔል የሚለውን ቃል በእንግሊዝኛ ዓረፍተ ነገር ውስጥ እንዴት ነው የምንጠቀምበት?» ስትለኝ ሳቄ መጣ። በእሷ ዕድሜ እኔንም ያሰቃየኝ ይኸው ቃል ነበር።

መንግሥት ከተለወጠ ጥቂት ዓመታት ሆኖት ነበር። ማታ ማታ ሕግ እማራለሁ፤ ቀን ምን አለሽ ተራ በአጎቴ በጋሼ ሸምሱ የቆርቆሮ ሱቅ እውላለሁ። መምህራችን ቃሉን የያዘ የእንግሊዝኛ ዓረፍተ ነገር ሠርተን እንድንመጣ አዘዙን። ትርጉሙስ ገብቶኛል፤ ሰው በቃሉ ወይም በአድራጎቱ ሌላውን ካሳመነ በኋላ ልካድ ቢል ሕጉ አይሰማውም። እንግሊዝኛው ግን «እገሌ እንዲህ ከማለት ታግዷል» ብሎ ያልፋል። ማን እንዳገደው አይናገርም። ነፋሱ ከበርበሬ በረንዳ በሚያመጣው ሽታ እያስነጠስኩ ይህንኑ ሳብሰለስል እውል ነበር።

በዚያው ክረምት ጋሼ ከምድጃ ሠሪው ከሙዘይን ጋር ተጣሉ። «ና፣ በረንዳዬ ላይ ሥራ» ብለው ከጭድ ተራ ያመጡት ራሳቸው ናቸው። እሱም የድሮ ቦታውን ለሌላ ለቀቀ። የበረንዳውን ጭቃ በሲሚንቶ ሲደለድል ጋሼ ሻይ እያስመጡ አብረውት ይጠጡ ነበር። በኋላ ቆርቆሮ የሚያስቀምጡበት ሲጠባቸው ውጣ አሉት። ሙዘይን መሄጃ አልነበረውም።

የቤት ሥራዬን እዚያው ሱቁ ውስጥ ልጽፍ ስቀመጥ ሌላ ምሳሌ አልመጣልኝ አለ። «ሸምሱ በረንዳውን አልፈቀድኩም ከማለት ታግዷል» ብዬ በእንግሊዝኛ ጻፍኩ። ጋሼ የላቲን ፊደል ከዕቃ ካርቶን ላይ ለምደውት ስለነበር ስማቸውን አዩት።

«ምንድን ነው የሚለው?»

እየፈራሁ ተረጎምኩላቸው።

«የፈረምኩት ወረቀት አለ?»

«የለም ጋሼ። ግን ሲሚንቶ ሲያፈስ እያዩ ሻይ ጋብዘውታል። እርስዎን አምኖ ነው ቦታውን የለቀቀው።»

«ሻይ መጋበዝም ያስከስሳል በይኛ።» ቀጥለውም «እንግሊዞችም ይሄን ያውቃሉ?» አሉኝ።

«ስም ሳይቀር አውጥተውለታል።»

«እንግዲያው ስሜን ፋቂው» አሉና ወደ በረንዳው ወጡ። ሙዘይን ዕቃውን በማዳበሪያ ከረጢት እየከተተ ነበር።

«መልሰህ አውጣው ባክህ፣ ሥራህን ሥራ» ሲሉት ሰማሁ። «ለቆርቆሮው ሌላ ቦታ እፈልጋለሁ።»

ከዚያ ወዲህ በዚህ ቃል ስንት ጊዜ ተከራክሬአለሁ። ዓረፍተ ነገሩን ሰምቶ በዚያው ልቡን የመለሰ ሰው ግን ከጋሼ ሌላ አላጋጠመኝም። ሕጉን ፈርተው ይሁን ሙዘይንን አፍረው፣ ሳልጠይቃቸው ሞቱ። ይህ እስከ ዛሬ ይቆጨኛል።