ታድግበታለች ተብሎ የተገዛ ጡት ማስያዣ

በደንብ ሳይደርቅ የታጠፈ ጨርቅ ሽታ አፍንጫዬን ሲመታው፣ የትም ልሁን የት፣ ትከሻዬ ሳላዝዘው ወደ ላይ ይነሳል። የልብስ ሳሙናና እርጥበት አብረው ታፍነው የሰነበቱበት ሽታ ነው፤ በመጣ ቁጥር ጋምቤላ ያደግኩበት ቤት፣ የኒም ዛፉ፣ የልብስ ማስጫው ገመድና እናቴ ተከታትለው ይመጣሉ። ከእነሱ ጋር ደግሞ ሐፍረቱ ይመጣል። ይኸው ስንት ዘመን አልፎም ፊቴን ያግለዋል።

ወላጆቼ ከጎጃም በሥራ ተመድበው የመጡ ነበሩ፤ አባቴ የሒሳብ አስተማሪ፣ እናቴ ነርስ። ክልሉ ክልል አሥራ ሁለት በሚባልበት፣ የትናንቱ መጋዘን ዛሬ ቢሮ ሆኖ ታፔላ በሚሰቀልበት በዚያ ጊዜ፣ እኛ ከባሮ ወንዝ ብዙም ሳንርቅ ከጤና ጣቢያው ጀርባ በቆርቆሮ ቤት እንኖር ነበር። እናቴን ከተማው ሁሉ «ሲስተር» ይላታል። ረቡዕ ረቡዕ እርጉዞችንና አራሶችን ዛፍ ሥር ሰብስባ ስታስተምር፣ በገዛ እጇ ከጨርቅ የሰፋችውን ጡት ከፍ አድርጋ ይዛ፣ ሕፃን እንዴት እንደሚጎርሰው፣ ሲቆስል ምን እንደሚደረግ ድምፅዋን ሳትቀንስ ትናገርና፣ አስተርጓሚዋ በአኙዋክኛ እስክትመልሰው ቆማ ትጠብቅ ነበር። ሴቶቹ ይስቃሉ፣ እሷም ትስቃለች። እኔ ከትምህርት ቤት ስመለስ አጥሩን ተደግፌ አያት ነበር፤ ያቺ ሴት እናቴ መሆኗ ይገርመኝ ነበር፤ ምክንያቱም ቤት ከገባች በኋላ ጡት የሚለው ቃል አንድም ቀን ከአፏ ወጥቶ አያውቅም።

ሰባተኛ ክፍል ልገባ ስል፣ ክረምቱ እየተገባደደ ሳለ፣ ሰውነቴ መለወጥ ጀመረ። እናቴ ማየቷን አውቃለሁ፤ ልብስ ስቀይር ፊቷን ታዞር ነበር። አንድ ቅዳሜ ከገበያ ተመልሳ፣ በላስቲክ የተጠቀለለ ነገር አልጋዬ ላይ ወርውራ፣ «ይቺን ከውስጥ ልበሺ» ብላኝ ወጣች። ወዲያው ማድቤት ውስጥ ድስት ሲንኳኳ ሰማሁ፤ የሚጣድ ነገር እንዳልነበረ ግን አውቃለሁ።

የቦንዳ ጡት ማስያዣ ነበር፤ መልኩ ወይቦ ወደ ሻይ ቀለም የሄደ፣ አንድ ትልቅ ሴትዮ ለብሳ የጨረሰችው። እኛ ቤት ለልጅ የሚገዛ ነገር ሁሉ ለሚመጣው ዓመት ልጅ ነበር የሚገዛው፤ ዩኒፎርሜ እጥፍጥፍ ተደርጎ ይሰፋል፣ ጫማዬ ጫፉ ላይ ጥጥ ይጠቀጠቅበታል፣ «ታድግበታለች» ይባላል፣ ያልቃል። ለጫማው ጥጥ ነበረው፤ ለዚህኛው መላውን የነገረኝ የለም። መቆለፊያው ከፊት ይሁን ከኋላ እንኳ ገብቶኝ አልነበረም። በመጨረሻ ከብብቴ በታች በጎኔ በኩል አጥፌ በመርፌ ቁልፍ ያዝኩትና፣ ብልህ የሆንኩ መስሎኝ ትምህርት ቤት ሄድኩ።

በጋው ገባ። የጋምቤላን በጋ የሚያውቅ ያውቀዋል፤ ቆርቆሮው ይንጣጣል፣ አስፋልቱ ይለሰልሳል፣ ሰው ጥላ ለጥላ ይሄዳል። እኔ በዚያ ሙቀት ደብተሬን ደረቴ ላይ ለጥፌ፣ ማንገቻው እንዳይወርድ ትከሻዬን ሰቅዬ እሄድ ነበር። ሰሌዳ ላይ ውጪ ስባል መልሱን እያወቅኩ አላውቅም እል ነበር፤ በጠመኔ ለመጻፍ እጅ ከተነሳ ማንገቻው ይወርዳላ! አባቴ የሒሳብ ውጤቴን አይቶ ራሱን ሲነቀንቅ ምን ብዬ ልንገረው? ያለችኝ አንዲት ብቻ ስለሆነች ማታ አጥቤ፣ እናቴ የራሷን ስታደርግ እንዳየሁት፣ ገመዱ ላይ ከፎጣ ሥር ደብቄ አሰጣታለሁ። በዚያ ፀሐይ ብርድ ልብስ እንኳ ወዲያው በሚደርቅበት አገር፣ የእኔና የእናቴ ብቻ ሁልጊዜ እርጥብ ነበር። እርጥቡን እለብሰዋለሁ፣ ያሳክከኛል።

ጎረቤታችን አሪየት የክፍሌ ልጅ ነበረች፤ አኙዋክ ናት፣ ረጅም ናት፣ ነገር አታቆይም። የእሷ ጡት ማስያዣ ከወንድሞቿ ካናቴራ ጎን አጥሩ ላይ በግልጽ ይሰጣል፤ እኔ በዚያ በኩል ሳልፍ በእሷ ፋንታ አፍር ነበር። አንድ ቀን ውኃ ልንቀዳ ስንሄድ አቁማ አየችኝ።

«አንቺ ሁልጊዜ ትከሻ ወደ ላይ ነው። ማን መታሽ?»

ጎትታ ወደ አጥር ጥግ ወስዳኝ ስታይ ሳቀች፤ ቀጥሎ ግን መርፌ ቁልፉ የጫረኝን ቦታ አየችና ሳቋ ቆመ። «ይሄ የትልቅ ሴት ነው! ለሲስተር ንገሪ። እሷ ነርስ አይደለም?» አለችኝ። በእግዚአብሔር አስምያት እንዳትናገር አደረግኳት፤ እያጉረመረመች ማለች።

የመጀመሪያው ዝናብ ሲጥል ጭረቱ አመረቀዘ፣ ከዚያ እባጭ ሆነ፣ ከዚያ ትኩሳት ያዘኝ። ጋምቤላ ውስጥ ትኩሳት ማለት ወባ ነው፤ ማንም ሌላ ነገር አይጠረጥርም፣ ነርስም ብትሆን። እናቴ ግንባሬን ዳሰሰችና ክሎሮኪኑን አመጣች፤ መራራውን ዋጥኩ፣ አስመለሰኝ፣ ደግሜ ዋጥኩ። ደሜ ተመርምሮ ወባ የለም ሲባል «አንዳንዴ አይታይም» ብላ ሌላ ኪኒን ቀየረችልኝ። ሰውነቴን በእርጥብ ጨርቅ ልታብስልኝ ስትመጣ ብርድ ልብሱን አንገቴ ድረስ ስቤ «በረደኝ» እላታለሁ፤ እሷም አንገቴንና እግሬን ብቻ አብሳ ትተወኝ ነበር። ሞት እንደሚመጣ ጠርጥሬ ነበር፤ ቢሆንም ከመሞት ይልቅ ያንን ማሳየት ይከብደኝ ነበር። ልጅነት እንዲህ ያለ ነገር ነው።

አባቴ አልጋዬ ጫፍ ላይ የሎሚ ውኃ ይዞ ተቀምጦ፣ እናቴ ነገ በሚሄደው መኪና መቱ ሆስፒታል እንውሰዳት ስትለው፣ አሪየት ማንጎ ይዛ በሩ ላይ ቆማ ሰማች። እኔን አየችኝ፣ እናቴን አየቻት፣ ማንጎውን መሬት ላይ አስቀመጠች።

«ሲስተር፣ ወባ አይደለም። ጡት ማስያዣው ነው የበላት። ጎኗን እዪ።»

በቤታችን ግድግዳ መሀል ያ ቃል ጮክ ተብሎ ሲነገር የመጀመሪያው ነበር፤ ያውም አባቴ ፊት። አባቴ ብርጭቆውን ቀስ ብሎ አስቀምጦ ወጣ፤ ውጭ ሆኖ ዶሮ እሽ ሲል ሰማሁት፤ ዶሮ እንኳ አልነበረንም። እናቴ ሸሚዜን ገልጣ የዛገውን መርፌ ቁልፍና ከሥሩ ያለውን እባጭ ስታይ፣ ተቀመጠች። አንገቷ ድረስ ቀላች።

«ለምን አልነገርሽኝም?»

«አንቺስ መች ጠየቅሽኝ?» ልላት ፈልጌ ነበር፤ አለቀስኩ። መግሉን አፍስሳ፣ አጥባ፣ ፔኒሲሊን ወጋችኝ፤ እጇ ያው የረቡዑ እጅ ነበር፣ የማይሳሳት፣ የማይቸኩል። አፏን ጠበቅኩ። አሁን ትናገራለች፣ አሁን ትነግረኛለች ብዬ አየኋት። ፋሻውን ጠቅልላ ጨረሰችና «ሾርባ ልሥራልሽ» ብላ ተነሳች።

ስድን፣ ባሮ ሞልቶ ሳይደፈርስ፣ እኔንና አሪየትን ገበያ ወሰደችን። ቦንዳ ተራ ስንደርስ አሪየትን «አንቺ አስመርጪያት» ብላ እሷ ሽንኩርት ሻጮቹ ጋ ቀረች። ሻጭዋ ሰው እየተላለፈ በቀሚሴ ላይ እየለካች «ዙሪ እስቲ! ይቺ ሰፋች፣ ይቺ ጠበበች!» ስትል መሬት ተከፍታ ብትውጠኝ በወደድኩ። አሪየት ማንገቻውን ትስባለች፣ ጀርባዬ ላይ ጣቷን አስገብታ ትሞክራለች፣ «እጅ አንሺ፣ አውርጂ» ትለኛለች፣ አንዱን ትጥላለች ሌላውን ታነሳለች። ቀና ስል እናቴ አንድ ሽንኩርት እያገላበጠች እኛን ታይ ነበር። ዓይናችን ሲጋጠም ጎንበስ አለች።

ልኬ የሆነችውን ለብሼ ትምህርት ቤት በሄድኩበት ጠዋት ትከሻዬ ወርዶ ቦታው ገባ። እናቴ ደጃፍ ላይ ቆማ አየችኝና «ቀና ብለሽ ስትሄጂ ያምርብሻል» አለችኝ። በዚህ ነገር ላይ በሕይወቷ ሁሉ የነገረችኝ ይህንኑ ነው።

እናቴ ካረፈች ቆየች። ልጄ አሁን የዚያን ጊዜዋን እኔን ታክላለች፤ ስለ ሰውነቷ ማወቅ ያለባትን ሁሉ እየተንተባተብኩ፣ እያላበኝ፣ ግን በገዛ አፌ ነው የነገርኳት። በቀደም ምሳ እየበላን፣ የጎረሰችውን ሳትውጥ እያላመጠች፣ «እማ፣ ጡት ማስያዣዬ ጠቦኛል፣ ቅዳሜ እንግዛ» አለች። አባቷ ከሳህኑ ቀና ሳይል «ሁለት ግዙ፣ መቀየሪያ ያስፈልጋታል» አለና ጨው ጠየቀ። የተነሳ የለም፣ የወጣ የለም። ይህን ነበር የተመኘሁት፤ ደስም ብሎኛል። ፊቴ ግን እንደ እሳት ነደደ፣ ሳህኔ ላይ አቀረቀርኩ፣ በገዛ ልጄም ቀናሁ፤ በመቅናቴም አፈርኩ። እናቴ በዚያ ማዕድ ብትኖር ኖሮ እጇን ሳትታጠብ ተነስታ ትወጣ ነበር። እኔም፣ ልጄ እያየችኝ፣ ተከትያት የምወጣ ይመስለኛል።