ገና ያልቆመች እሽክርክሪት

ትናንት ጣና ዳር አንድ ሕፃን መብራት ያላት የፕላስቲክ እሽክርክሪት ሲያሾር ቆሜ አየሁ። የድሮው መጫወቻ ይሻል ነበር የሚሉ ሰዎች ያሰለቹኛል። የእኛ ከወይራ ጉማጅ የጠረብናት፣ በልጥ ጅራፍ ካልገረፏት የምትወድቅ ጠማማ ነገር ነበረች።

የሕፃኑ እሽክርክሪት ድምፅ ግን ወደ ልጅነት ሰፈሬ፣ ወደ ዓባይ ማዶ መለሰኝ። የአባቱ ሥራ ስለተዛወረ ጓደኛዬ ሀብታሙ ከተማውን የሚለቅበት ቀን ነበር። ዕቃቸው መኪና ላይ ተጭኖ እያለ የመጨረሻውን ግጥሚያ ጀመርን፤ እሽክርክሪቱ ቀድማ የቆመችበት ይሸነፋል። እኛ ስለምንጣላ ዳኛችን ፊደል ያስቆጠሩን ዓይነ ስውሩ የኔታ ነበሩ። በጆሯቸው ይፈርዳሉ።

«ሀብታሙ! መኪናው ሊነሣ ነው!» አለች እናቱ።

«ቆዪኝማ ልጄ፣ ገና አልፈረድሁም» አሏት የኔታ።

መጀመሪያ የእኔዋ ወደቀች፤ ቀጥሎ የእሱ።

«አሸነፍሁት፣ የኔታ!» አለ ሀብታሙ።

«ዝም በል፣ አንተ ቀልማዳ! ገና እየዞሩ ነው፤ ይሰማኛል።»

ሀብታሙ አየኝ። ሁለቱም አፈሩ ላይ ተጋድመዋል። ጅራፉን አስቀመጠና አጠገቤ ቁጭ አለ። እናቱ መጥታ እጁን እስክትይዘው ድረስ ሦስታችንም ጸጥ ብለን አዳመጥን።

ትናንት ጣና ዳር የሕፃኑ እሽክርክሪት መብራቷ ጠፍቶ በጎኗ ተኛች።

«ቆመች፤ በቃ እንሂድ» አለችው የሕፃኑ እናት።

«ገና ናት» አልሁ እኔ።

ሴትዮዋ ከእግሬ እስከ ራሴ አየችኝና ልጇን ወደ ራሷ ሳብ አደረገችው።