የጋሽ ታፈሰ የወንዝ ደብተር

መነሻ፦ ባሕር ዳር

«ዝናብ የምትለካ ሴት በረሃ ምን አላት?» ብለው ሳቁብኝ ርዕሰ መምህራችን፣ የዕረፍት ፈቃዴን እየፈረሙ። እውነታቸውን ነው፤ በየካቲት ካርቱም ላይ ጠብታ ዝናብ የለም። እኔን ያስነሣኝ ግን ድሮ የሞላ ወንዝ ነበር።

ነገሩ እንዲህ ነው። የጂኦግራፊ አስተማሪ ነኝ። ትምህርት ቤታችን ግቢ ውስጥ የዝናብ መለኪያ ተክለን፣ በየቀኑ የወረደውን ከተማሪዎቼ ጋር ለክተን፣ ማንም ሰው በኢንተርኔት ከፍቶ ሊያየው በሚችል አንድ የጋራ ሠንጠረዥ ላይ እንጽፋለን። የሱዳን በጎ ፈቃደኞች ደግሞ እዚያው ላይ የዓባይን ከፍታ ይጽፋሉ። ከእነሱ አንዷ ሳራ ናት፤ ካርቱም ተወልዳ ያደገች የኢትዮጵያዊ ስደተኛ ልጅ፣ የምህንድስና ተማሪ። ዓመት ሙሉ በስልክ ስንጻጻፍ ቆይተን አንድ ቀን እንዲህ የሚል መልእክት ላከችልኝ፦ «እትዬ ዘነበች፣ አባባ የወንዙን ከፍታ ሃያ ስድስት ዓመት ጽፏል። ሰዎች ውሸት ነው ይላሉ። ጁምዓ ይወስናሉ። ነይ።»

አርብ የሚወሰነው ምን እንደሆነ ስደውልላት ነገረችኝ። አባቷ የሚኖሩት ጀሪፍ በሚባለው የወንዝ ዳር ሰፈር ነው። የሰፈሩ ኮሚቴ ከክረምት በፊት የአፈርና የጆንያ ክትር ሊሠራ ተነሥቷል። የክትሩ ቁመት የሚለካው በአባቷ ደብተር ነው፤ በደብተሩ መሠረት ወንዙ ከሰው ወገብ አልፎ አያውቅም። ሽማግሌዎቹ ግን «ከዚያ በላይ መጥቶብናል፣ የሐበሻው ደብተር ይጣል» ብለዋል። ደብተሩ ልክ ከሆነ ሽማግሌዎቹ ተሳስተዋል፤ ሽማግሌዎቹ ልክ ከሆኑ ደግሞ የወገብ ክትር ሠርቶ መተኛት ጉድ ነው። እኔ ምን ቤት ነኝ? ግን ከሠንጠረዡ ጋር ስኖር ቁጥር መመርመር ሱስ ሆኖብኛል። ሻንጣዬን አንጠለጠልኩና ወጣሁ።

ከጎንደር ወደ መተማ

ከጎንደር በሚኒባስ ነው የወረድኩት። አዘዞን፣ አይከልን አልፈን ቁልቁል ስንንደረደር ሙቀቱ ጉልበት ጉልበታችንን አለን። አጠገቤ የተቀመጡት ለቀን ሥራ የሚሻገሩ ጎረምሶች ነበሩ።

«እትዬ፣ ሱዳን ምን ልትሠሪ ነው?» አለኝ አንደኛው።

«ቁጥር ላመሳክር።»

«የሎተሪ?»

መኪናው በሳቅ ፈረሰ። እኔም ሳቅሁ እንጂ ምን አደርጋለሁ! ሹፌሩ ጭምር «ከወጣልሽ እንዳትረሺን» እያለ እስከ መተማ ዮሐንስ አጫወተን።

ድንበሩ አጭር ድልድይ ናት። ማዶው ገላባት ነው። የሱዳኑ ፖሊስ ስሜን ጠየቀኝ። «ዘነበች» አልኩ። ሁለቴ አስደገመኝና መዝገቡ ላይ «ዘይነብ» ብሎ ጻፈ። ከዚያ ጀምሮ እስክመለስ ዘይነብ ሆኜ ቀረሁ።

ገዳሪፍ፣ ከዚያም ካርቱም

ገዳሪፍ አደርኩ። የሰሊጥ አገር ስለሆነ ፉሉ ላይ የሰሊጥ ዘይት እንደ ውኃ ነው የሚያፈሱበት። አንድ ሰሃን አዝዤ ብቻዬን መጨረስ ሲያቅተኝ፣ የማላውቃቸው ሁለት ሰዎች «ቢስሚላህ» ብለው እጃቸውን ሰደዱና አገዙኝ። እዚያ አገር እንዲህ ነው፤ ገበታ የብቻ አይደለም። እኔም ተመቸኝ።

በማግሥቱ ትልቁ አውቶብስ በወድ መደኒ በኩል ቀኑን ሙሉ ወሰደን። ሜዳው ልብ ያደክማል፤ ለደገኛ ዓይን ማረፊያ ኮረብታ እንኳ የለውም። ካርቱም ስንገባ ነዳጅ ማደያዎቹ ጋ የመኪና ሰልፍ፣ ዳቦ ቤቶቹ ጋ የሰው ሰልፍ ነበር። ግን ደግሞ ግድግዳው ሁሉ ሥዕል ነው። አብዮቱ ሁለተኛ ዓመቱን ይዟል፣ አሮጌው መንግሥት ወርዷል፣ የሽግግሩ ተቀምጧል፤ ሰዉ በሰልፍ ላይ ሆኖም ጮክ ብሎ ፖለቲካ ያወራል። ሰልፍ ላይ እንደዚያ ሲስቁ ያየሁት ሕዝብ የለም።

ሳራ ዴም ላይ ተቀበለችኝ። ዴም የእኛ ሰዎች ሰፈር ነው፤ ሱቁም ምግብ ቤቱም በአማርኛ ይጠራሃል። ከሻይ ሻጯ በርጩማ ላይ አስቀምጣ ሻይ ጋበዘችኝና ሳትተነፍስ ጀመረች፦

«አባባ ድሮ ደብተሩን ለማንም አይሰጥም ነበር ወላሂ። ዘማን፣ በአሮጌው መንግሥት ጊዜ፣ የደኅንነት ሰዎች ወንዝ ዳር ሲጽፍ አይተው ያዙት። ለማን ነው የምትሰልለው አሉት። ዐሥራ አንድ ቀን አሠሩት። ከዚያ ደብተሮቹን የማሽላ ጆንያ ውስጥ ደበቀ። ከሰውራው በኋላ ነው እኔ የለመንኩት። አሁን አገሩ ክፍት ነው፣ ይከፈት አልኩት። እኔን አምኖ ሰጠ። አሁን ከጣሉት...»

ሰውራ የሚሉት አብዮቱን ነው።

ረቡዕ፦ አርካዊት

ጀሪፍ መብራት ስለጠፋ በረክሻ፣ እኛ ባጃጅ በምንለው፣ አርካዊት ወደሚባል ሰፈር ሄድን፤ የሳራ ጓደኛ ቤት ጄኔሬተር አለ። ቀኑን ሙሉ ሠንጠረዡ ላይ ተደፋን። እውነትም ችግር አለ። በየዓመቱ ወንዙ በነሐሴ ይወጣል፣ ይወጣል፣ ከዚያ መስከረም አንድ ላይ ቁልቁል ዘሎ ይገኛል። አንዱን ዓመት ብናይ ሌላውም ያው። ወንዝ እንዲህ አይዘልም። ደረጃ የሚወርድ ልጅ አይደለም።

የኔ የዝናብ ሠንጠረዥም ከሱ ጋር ሲተያይ ምንም አልጎረበጠኝም፤ ለምን እንዳልጎረበጠኝ በኋላ እነግራችኋለሁ፣ ያሳፍራል። ያን ዕለት ግን እንደ መምህር ፈረድኩ፦ «የሳራ አባት ወንዙ ሲያስፈራ ቤታቸው ቀርተው በግምት ጽፈዋል።» ተማሪ የቤት ሥራ ሲኮርጅ ስንት ዓመት ያየሁ ሰው ነኝ!

ሐሙስ፦ ጀሪፍ

የሳራን አባት ጋሽ ታፈሰን ሳያቸው ደነገጥኩ፤ ቀጭን፣ ረጅም፣ ሸሚዛቸው የተተኮሰ። በወጣትነታቸው የውኃ ሥራ ቴክኒሻን ነበሩ። በደርግ ጊዜ ሸሽተው መጥተው፣ የወንዙ ዳር ጡብ ማቃጠያዎች ላይ ተቆጣጣሪ ሆነው አረጁ። ወንዙ ዳር የተከሏትን የብረት ዘንግ አሳዩኝ። በመጋዝ ምልክት አድርገው በክንድና በስንዝር ከፋፍለዋታል። በየማለዳው እሷን አንብበው ነው የጻፉት።

እኔም አፌን ማን ይያዝልኝ! «ጋሼ፣ ውኃው በጣም ሲሞላ ያልወረዱባቸው ቀኖች ይኖራሉ አይደል?» አልኳቸው።

«አንቺ ልጅ፣ ቤቴ ተኝቼ ቁጥር የምፈጥር መሰለሽ? ታስሬ ከነበረባቸው ዐሥራ አንድ ቀኖች በቀር አንድም ቀን አልቀረሁም። እነዚያንም ባዶ ነው የተውኳቸው።» ከዚያ ወደ ልጃቸው ዞሩና «ነገ ኮሚቴው ሲጨርስ ደብተሮቼን መልሺልኝ። ጆንያው ይሻላቸዋል» አሉ። ሳራ ዓይኗ ዕንባ አቀረረ። መሬት ተሰንጥቃ ብትውጠኝ ደስ ባለኝ።

ይሁን እንጂ እንግዳ ሳያበሉ የሚያሰናብቱ ሰው አይደሉም። ኪስራ በወጥ ቀረበ። ኪስራ የማሽላ እንጀራ ነው፣ እንደ ወረቀት የሳሳ። ስንበላ ቤቱን ዙሪያውን አየሁና ግድግዳው ላይ ቡናማ የውኃ መስመር ታየኝ። ነገር ለማለሳለስ ብዬ «ይሄ ምንድን ነው ጋሼ?» አልኳቸው።

ፊታቸው ፈታ አለ። «ይሄማ ሩፋኤል ነው! ባሕር ዳር እንደምታውቁት እኔም ጳጉሜ ሦስትን ሳልታጠብ አላልፍም። የሩፋኤል ጠበል ብዬ በየዓመቱ ወንዙ ድረስ እወርዳለሁ። ያን ዓመት ግን ልነሣ ስል አልጋዬ ሥር ውኃ! ወንዙ ራሱ ቤቴ ድረስ መጥቶ አጠበኝ።» ሳቁ። «ዘንጌን በጀልባ ሄጄ ነው ያነበብኳት። ውኃው የሰው ደረት ደርሶ ነበር።»

ጉርሻዬ አፌ ውስጥ ቀረ። ጳጉሜ!

«ሳራ፣ ላፕቶፑን አምጪው!» ስል ጮህኩ። ከፈትን። ነሐሴ ሠላሳ አለ። ከሥሩ መስከረም አንድ። በመካከላቸው ምንም የለም። በሃያ ስድስቱም ዓመት ምንም።

«ሳራዬ፣ የጳጉሜ ገጾች የት ሄዱ?»

ልጅቱ ቀላች። «ኢስቲማራው ዐሥራ ሁለት ሸህር ብቻ ነው ያለው» አለች፤ ቅጹ የሚቀበለው ዐሥራ ሁለት ወር ብቻ ነው ማለቷ ነው። «አባባ ደግሞ ከነሐሴ በኋላ አምስት ቀን ጽፏል። ማስገቢያ የላቸውም። አምስት ቀን ምን ያደርጋል ብዬ ተውኳቸው።»

አምስት ቀን ምን ያደርጋል! ዓባይ ካርቱም ላይ አናቱን የሚነካው እኮ አብዛኛውን ጊዜ በእነዚያ ቀኖች አካባቢ ነው። ልቆጣት አፌን ስከፍት የራሴ ነውር ትዝ አለኝ። ክረምቱን የዝናብ መለኪያችንን የሚያነብልኝ የትምህርት ቤቱ ዘበኛ ነው፤ እሱ ደግሞ ነሐሴ ሲያልቅ ለዘመን መለወጫ አገሩ ይገባል። ለጳጉሜ ደሞዝ የለ፣ ማን ይለካል? የኔም ሠንጠረዥ ጳጉሜ የለውም። ለዚህ ነው ረቡዕ ዕለት ያልጎረበጠኝ። ካርቱም ተወልዳ ያደገች ልጅ ብትዘነጋው ምን ይገርማል? እኔ የዐሥራ ሦስት ወር ጸጋ እያልኩ የማስተምረው ሴትዮ!

ተነሥቼ የጋሽ ታፈሰን ትከሻ ሳምኩ። «ይቅር ይበሉኝ ጋሼ። ውሸታም ያልኩት እርስዎን ነው፤ የጎደልነው እኛ ነን።»

«በይ ብዪ፣ ኪስራው ይደርቃል» አሉኝ። ሰሃኑንም ወደ እኔ ገፋ አደረጉት።

አርብ፦ ስብሰባው

ከጸሎት በኋላ ኮሚቴው አንድ ትልቅ ዛፍ ጥላ ሥር ተሰበሰበ። ደብተሩ ይጣል ያሉት ሐጅ ዑስማን የሚባሉ የአትክልት ገበሬ ከፊት ተቀምጠዋል። ሳራ ቆማ ስህተቱ የአባቷ ሳይሆን የራሷ መሆኑን በዐረብኛ ተናገረች። ከዚያ ስለ ዐሥራ ሦስተኛዋ ወር ስትነግራቸው ወጣቶቹ ተሳሳቁ። «አምስት ቀን ያላት ወር? ያላ፣ ቀልዱን ተዪ!»

ሐጅ ዑስማን ግን አልሳቁም። ዱላቸውን አነሡ። «ናሲ!» አሉ። «አባቴ በግብፅ ቅብጦች ወሮች ነበር የሚዘራው። ትንሿ ወር ናሲ ስትገባ ከብቱን ከወንዙ አርቁ ይለን ነበር። እኔስ ረስቻት!» ከዚያ የጋሽ ታፈሰን ደብተር ተቀብለው፣ ፊደሉን ባያነቡትም ገለጥ ገለጥ አድርገው አዩትና «ወንድሜ ታፈሰ፣ ማዕሊሽ» አሉ፤ ይቅርታ ማለታቸው ነው።

በጳጉሜ ገጾች መሠረት የክትሩ ከፍታ እስከ ደረት እንዲሆን ተወሰነ። ቅዳሜ ጆንያ ስንሞላ ዋልን። ወጣቶቹ በአብዮቱ ጊዜ መንገድ የዘጉባቸውን ጡቦች ሳይቀር በጋሪ አምጥተው ሥሩ ላይ ደረደሯቸው። እኔ ሦስት ጆንያ ሞልቼ ወገቤ እምቢ አለኝ፤ ጋሽ ታፈሰ «ዘይነብ፣ አንቺ ቁጥር ላይ ብቻ ነሽ» እያሉ አሾፉብኝ። ማታ ሠንጠረዡ ላይ ጳጉሜ የምትባል አዲስ ወር ተጨመረች፤ መቶ ሠላሳ ምናምን ቀኖች አንድ በአንድ ገቡ።

መልስ

በመጣሁበት መንገድ ተመለስኩ፤ መተማ ላይ አንዱ ጎረምሳ አይቶኝ «ሎተሪው ወጣልሽ?» አለኝ። «ወጣልኝ!» አልኩት።

ይህ ጉዞ ያስተማረኝን ለተማሪዎቼ ነግሬያቸዋለሁ። ደብተሩ ጆንያ ውስጥ ቢቀር ኖሮ ማንም አይሳሳትበትም፣ ማንም አይጠቀምበትም ነበር። ሲከፈት ሐጅ ዑስማን ተጠራጠሩት፣ እኔ በከንቱ ፈረድኩበት፣ ሳራ አጎደለችው፤ ግን ደግሞ እኛው ተጋግዘን አቃናነው። ክፍት ነገር መጀመሪያ ያሳፍራል። ማፈሩን የቻለ ሰው ይጠቀማል።

ክረምት ሆነ። ጳጉሜ ሲገባ ዘበኛችን አገሩ ሄደ፤ እኔ ጃንጥላዬን ይዤ መለኪያው ጋ ወጣሁ። ሠንጠረዡን ስከፍት ከካርቱም የሚመጣው ቁጥር ይወጣል፤ ወገብን ሲያልፍ አንድ ሙሉ ቀን ስልኬን ከእጄ አላወረድኩም። በሦስተኛው ቀን ከረፋዱ ላይ የድምፅ መልእክት ደረሰኝ። የጋሽ ታፈሰ ድምፅ ነው፣ ከጀርባቸው የሰው ጫጫታ ይሰማል።

«ዘነበች ልጄ፣ እንኳን ለሩፋኤል አደረሰሽ። ውኃው ከክትሩ አፍ አንድ ስንዝር ሲቀረው ቆሟል። ዘንድሮ ወንዙ ድረስ ሄጄ ነው የታጠብኩት፤ ቤቴ አልመጣም።»